እትዬ ያልቀመሰችው ወጥ

የህንድ የበግ ወጥ በምሠራበት ቀን ልጆቼ ከቤት ይሸሻሉ። ሽታውን ጠልተው አይደለም፤ ጠባዬን ፈርተው ነው። ከምድጃው አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጥና ክዳኑን ለማንሣት የቃጣውን ሁሉ፣ ልጅም ይሁን እንግዳ፣ በማማሰያ እጁን ቸብ አደርገዋለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነኝ። "እማዬ ዛሬም የድስት ዘበኛ ሆነች" እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። እነሱ ይህን ወጥ ያወቁት በጥጋብ ነው። እኔ ጠንቅቄ የተማርኩት ግን በሁዳዴ ጾም፣ አንዲት አራስ እህል አልወርድ ብሏት ስትከሳ፣ ልጇም የደረቀ ጡት እየጠባች ስታለቅስ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንን እኛ ናዝሬት፣ ከገጠር ለገበያ የሚመጡት ኦሮሞዎች ደግሞ አዳማ የሚሏት ጊዜ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በታይፕ ጸሐፊነት እሠራለሁ። የምኖረው ከታላቅ እኅቴ ጋር፣ ከወላጆቻችን በቀረልን ቤት ነው። እትዬ ነው የምላት። በዐሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ገና ስምንት ዓመቴ ስለነበር ጸጉሬን የሠራችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ስባልግም የቆነጠጠችኝ እሷ ናት። ባሏ ልጅ ሳያስቀርላት ስለሞተ ልጇም እኔው ነበርኩ። በባለሙያነቷ በናዝሬት ብቻ ሳይሆን እስከ ወንጂና መልካሳ ድረስ ትታወቃለች። ድግስ ያሰበ ሰው ከድንኳኑ በፊት እትዬን ነበር የሚይዘው።

ሙያዋ ይበልጥ የሚታወቀው በጾም ነው። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ሁሉም ሰው ጾም ላይ ሆኖ ስለሆነ የምትሠራዋ ሴት ልትቀምሰው አትችልም። ሌሎቹ ጨው አነሰ ይሆን፣ በዛ ይሆን እያሉ ሲባዝኑ እትዬ ትስቅባቸዋለች። "ምን ያስጨንቃል? እጄ ያውቀዋል" ትላለች። እውነቷን ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የእትዬ ዶሮ ጨው ሲያንሰው ያየ የለም። እኔም እጅ የሚባለው ነገር የራሱ ምላስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ተዋደን ስንኖር እኔ ጴንጤ ሆንኩ። ያኔ ጴንጤ መሆን በውጭም በቤትም ያስመታል። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየሰው ቤት እየተደበቅን፣ መዝሙሩን እንደ ሹክሹክታ እየዘመርን ነበር የምንሰበሰበው። አንድ ጊዜ ተይዘን ዐሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። እትዬ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኛለች፤ ለጥበቃው ሰጥታ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ትመለሳለች። የተፈታሁ ዕለት በር ላይ ጠበቀችኝ። "እስር ቤት የበላሽው የእኅትነቴን ነው። ከእንግዲህ ግን ማርያምን ከናቀ ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም" አለች። ማርያምን አልናቅሁም ብዬ ብምልም አልሰማችኝም። የላምባ ምድጃ ገዛሁና ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ ሽሮዬን እየሠራሁ መብላት ጀመርኩ። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔም ግትር ነኝ፤ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ከጓሮ ሌላ ቤት ነበረን። ትርፍ ቤት ተብሎ በአዋጅ ስለተወሰደ የቀበሌ ሆኗል። እሱን እኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ህንድ ከነሚስታቸው ተከራዩት። ተማሪውም ሠራተኛውም ሰር ነበር የምንላቸው። ቀጭን፣ ዐይን አፋር፣ ጠመኔ ከእጃቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። ሚስትየዋ የኔ እኩያ ነበረች። እትዬ ቤቷን የወሰዱባት እነሱ ይመስል መጀመሪያ ሰላምታ እንኳ ነፈገቻቸው። በኋላ የሴትዮዋን አንገት ላይ መስቀል አየች፤ ህንድ አገር ከሐዋርያት ጀምሮ የቆየ ክርስትና እንዳለ፣ ሁዳዴም እንደሚጾሙ ሰማች። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት! "ህንዱ ባሕር ተሻግሮ ጾሙን ይዞ ይመጣል፤ ያገሬ ሰው እዚሁ ቁጭ ብሎ ጾሙን ይጥላል" ትላለች፤ ድምፅዋ ክፍሌ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ።

እኔና ህንዷ በእንግሊዝኛ ተግባባን። ባዶ ማዕዴን አይታ ነው መሰለኝ እሑድ እሑድ ትጠራኝ ጀመር። ጠዋት ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ ምድጃው ተቀጣጥሎ ይጠብቀኛል። የምትሠራው የበግ ወጥ ነው፤ አሠራሩ ግን የኛ ግልባጭ። እኛ ሽንኩርቱን አድቅቀን በደረቁ እናቁላላለን፤ እሷ ዘይቱን አስቀድማ ታግላለች። ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ሄሉን ሳይፈጩ እንዳሉ ትጨምራቸዋለች፤ ይንጣጣሉ። ሽንኩርቱን በስሱ ትቆርጥና ለመጠቆር ጥቂት እስኪቀረው ታቀላዋለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ድንብላል፣ እርድ፤ በመጨረሻም ከነአጥንቱ የተቆረጠው ሥጋ። ውኃ የሚባል ጠብ አታደርግም። ትከድነዋለች፤ ክዳኑ ላይ የድንጋይ ወፍጮ መጅ ትጭንበታለች፤ እሳቱን ትቀንስና እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ያ ነው ሥራው። የቀረውን ሥጋው በራሱ ውኃ፣ በራሱ ጊዜ ይሠራዋል።

እነዚያ እሑዶች አሁንም ይናፍቁኛል። የናዝሬት የእኩለ ቀን ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ያባርራል፤ አቧራ ያዘለ ነፋስ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል፤ ከመንገድ የጋሪ ቃጭል ይሰማል። እኛ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ስለ እናቷ፣ ስለ ወንዛቸው፣ ስለ ዝናባቸው ታወራኛለች። ሰር የፈተና ወረቀት እያረሙ በየዐሥር ደቂቃው "ደረሰ?" ይላሉ፤ እሷም ሳትዞር "አልደረሰም" ትላለች። ስንበላ በሩዝ፣ በእጃችን ነበር። እትዬ ደግሞ በመስኮት ታየናለች። ሁለት ዓመት ከእኅቷ ጋር ያልበላች ሴት፣ እኅቷ ከህንድ ጋር ስትበላ ማየቱ አንገበገባት። አውቄ ጮክ ብዬ እስቅ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ህንዷ አረገዘች፤ ሁዳዴ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረውም ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ብዙ ደም ፈሷት ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስትመጣ በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የገባችው። እናት የላት፣ አማት የላት፣ አገሯ ከባሕር ማዶ። እትዬ አላንገራገረችም። "አራስ ብቻዋን አትተውም" ብላ ፍራሿን ተሸክማ እዚያው ገባች። ገንፎውን አገነፋች፣ አጥሚቱን ሠራች፣ ቅቤውን አነጠረች። ሴትዮዋ ግን የቅቤው ሽታ ገና ከበር ሲመጣ ፊቷ ይለዋወጣል። በይሉኝታ አንድ ጊዜ ትጎርሳለች፤ ያችኑ የምታውቃትን አማርኛ "ቆንጆ ነው" ትላለች፤ ሳህኑንም በእጇ ገፋ ታደርገዋለች። እትዬ በዞረች ቁጥር የጎረሰችውን በመሐረብ ስትተፋ አየኋት።

በሳምንቱ ጡቷ ደረቀ። ልጅቷ ትጠባለች፣ ታጣለች፣ ታለቅሳለች፤ ደክሟት ትተኛለች፤ ነቅታ እንደገና ታለቅሳለች። ለቅሶዋ በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። የዱቄት ወተት ያኔ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ለማየት የመጣችው ነርስ እናቲቱን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ይቺ ልጅ የምትድነው እናቷ ስትበላ ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ አይደለም" ብላን ሄደች። ሰር በዚያን ቀን ጠመኔያቸውን እንደያዙ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ህንዷን ምን ያምርሻል ብዬ ጠየቅኋት። "ምንም" አለች። ቆየችና ግን "እናቴ ለአራስ የምትሠራው የበግ ወጥ" አለች። የእሑዱ ወጥ ነው። ቃል በቃል ለእትዬ ነገርኳት። እትዬ በደስታ ብድግ አለች። "የበግ ወጥ? ለዚህ ነው እንዴ እስካሁን ዝም ያለችው? እኔ እያለሁ!"

ሰር ከገበያ የአርሲ በግ ነድተው መጡ። የክርስቲያን ሥጋ ቤት በሁዳዴ ዝግ ስለሆነ አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን እቤት ድረስ መጥተው አረዱልን። እትዬ ሽንኩርቱን ከመጣዷ በፊት ወደ አጥር ጠጋ ብላ "ለአራስ ነው! ሥጋው ለአራስ ነው!" ብላ ለግራውም ለቀኙም ጎረቤት አወጀች። በሁዳዴ ከእሷ ግቢ የበግ ሥጋ ሲሸት ሰው ምን እንደሚል ታውቃለቻ። ከዚያም እጅጌዋን ሰበሰበችና ጀመረች። አሠራሩን ልነግራት አፌን ስከፍት "ለኔ ወጥ ልታሠሪኝ?" ብላ አስቆመችኝ።

የሆነው ሁሉ በሙያዋ የመጣ ነው። ሥጋውን ሰባት ውኃ አጠበችው፤ ሞራውን እያነሣች ጣለችው፤ ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላችው። በርበሬ አልጨምርም ብላ ምላ ነበር፤ መሐል ላይ ግን ወጡ ነጣባትና "ለቀለም ያህል" ብላ አንድ እፍኝ ጣል አደረገች። ውኃ በየጊዜው ጠብ አደረገችበት። ሲያበቃ መከለሻ ነሰነሰችበት። የወጣው ምርጥ ቀይ ወጥ ነው፤ ንጉሥ ፊት ቢቀርብ አያሳፍርም። አራሷ አንድ ጊዜ ጎረሰች። "ቆንጆ ነው" አለች። እንባዋ ወጡ ላይ ጠብ አለ።

ዕቃውን ይዛ የወጣችውን እትዬን ማድቤት አገኘኋት። ቆማ ድስቱን ታያለች። በሕይወቷ የሠራችውን ያልተበላላት ሰው አልነበረችም። ሰር ሊያጽናኗት ብለው ጾማቸውን ገድፈው ሁለት ሳህን በልተው "በጣም ጥሩ ነው" ብለዋት ነበር። እሳቸው ግን ድንጋይ ቢቀቀልላቸውም በጣም ጥሩ ነው የሚሉ ሰው ናቸው፤ ባልና ሚስቱን አንድ ያደረጋቸው ይሉኝታ ነበር። ከወዲያ ቤት ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ያ ቀጭን ለቅሶ።

"የሷን ወጥ እጄ አያውቀውም" አለች እትዬ። እኔን አላየችኝም፤ ለድስቱ ነው የተናገረችው። "ቀምሼ እንዳልማረው ጾም ነው። ደግሞ ብቀምሰውስ? ጣዕሙን ያወቅሁት ነገር መሰለሽ?"

ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ግቢ የዚያን ወጥ ጣዕም የሚያውቅ፣ ይሉኝታም የሌለበት አንድ ምላስ ብቻ ነው ያለው፤ የኔ። ያወቅሁትም እሷ ከማዕዷ ስላባረረችኝ ነው። እኔ ግን ቅመሺ ሳልባል አልቀምስም። ጾም ባልጾምም በሁዳዴ እሷ በምታይበት ቦታ የፍስክ ነገር ቀምሼ አላውቅም፤ ክፍሌ ውስጥ እንኳ ሽሮዬን በዘይት ነበር የምበላው። ይህን ታውቅ ይሆን አታውቅ ይሆን ነግሬያት አላውቅም።

እትዬ ማማሰያውን አነሣች፤ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሣች። በመጨረሻ ወደኔ ዞረችና "እንግዲህ ጾሙን ካልጾምሽ፣ እስኪ አለመጾምሽ እንኳ ለሰው ይጥቀም!" ብላ ጮኸችብኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከነገረችኝ ሁሉ ደግ ንግግር እሱ ነበር።

በማግስቱ የተረፈውን ሥጋ ይዘን እንደገና ጀመርን። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትሠራለች። "ዘይቱ ይቅደም።" "ዘይት ከሽንኩርት በፊት? የምን ግልብጥ ሥራ ነው ይሄ!" "ሽንኩርቱን አታድቅቂው።" "ጥርስ ውስጥ ይገባል እኮ!" "ይግባ።" በእያንዳንዱ ነገር ተጨቃጨቅን። ሥጋው አንድ ጊዜ ብቻ ታጠበ። ሁለተኛ ልታጥብ ስትል ጎድጓዳ ሳህኑን ነጠቅኋትና ውኃውን ደፋሁት። ክዳኑ ተደፋ፤ መጁን ጫንኩበት፤ እሳቱን ቀነስን። ከዚያ የሚሠራ ነገር ጠፋ።

ለእትዬ ከዚህ የበለጠ ቅጣት የለም። የኛ ወጥ እጅ አያስፈታም፤ ይማሰላል፣ ውኃ ይጨመራል፣ ይቀመሳል፣ ይማሰላል። ያ ወጥ ግን ተዉኝ የሚል ወጥ ነው። እጇ ሳታስበው ወደ ክዳኑ ይሄዳል፤ እኔ በማማሰያ ቸብ አደርጋታለሁ። ትቆጣለች፤ ትቀመጣለች፤ እንደገና ይሄድባታል። እኅቴን ስመታ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እየመታች ያሳደገችኝ ሴትዮ "እሺ በቃ" ብላ እጇን ብብቷ ውስጥ ስትከት ሳቄ መጣ። ሁለታችንም ዱካ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ መሄጃ አጥተን፣ ድስት ጠበቅን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ እሳቱን እያየች "ማርያም ግን ምን አደረገችሽ?" አለች።

በቁጣ አልነበረም። እውነት ማወቅ የፈለገች ሰው አጠያየቅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

"ምንም አላደረገችኝም እትዬ።"

"እናታችን በምጧ ጊዜ ስሟን እየጠራች ነው አንቺን የወለደችሽ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።"

"አውቃለሁ። ነግረሽኛል።"

"እና ታዲያ ማዕዴን ትተሽ ስትሄጂ፣ ያንን ሁሉ ትተሽ የሄድሽ አልመሰለሽም?"

እዚህ ላይ ተናደድኩ። "የለየሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ ማዕድሽን መቼ ተውኩ?" አልኳት። "በር ላይ ቆመሽ አትቅረቢኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሽሮ ብቻዬን መብላት የሚጣፍጠኝ መስሎሻል? የህንድ ቤት ሄጄ የምስቀው ደስ ብሎኝ ይመስልሻል?" ላለቅስ አልፈለግሁም ነበር፤ አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም። ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች፤ ጢሱ ነው ለማለት ይሁን ለሌላ አላውቅም። ከሰሉ ግን አይጨስም ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሞላው ክዳኑን ከፈትኩ። እትዬ ጭልፋውን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኅቷ በሁዳዴ ሥጋ ስትበላ ላለማየት ነው። ቀመስኩ። "ጨው አነሰው።" ፊቷን ሳትመልስ እጇን ወደ ጨው ዕቃው ሰደደች። "አሁንስ?" "አሁን ደህና ነው። ግን የሆነ ነገር ይቀረዋል።" "ምን?" "እኔ እንጃ።" "እንዴት እኔ እንጃ? ምላስ አይደለሽ?" ደግሜ ቀመስኩ፤ ሦስተኛም ቀመስኩ። የጎደለው ነገር አለ፤ ስሙ አልመጣልኝም። ከሰሉ እየከሰመ፣ እትዬ ግድግዳ እያየች፣ እኔ ጭልፋ ይዤ ላብ አጠመቀኝ።

ያኔ ከወዲያ ቤት፣ ከአልጋ ላይ፣ ሳምንት ሙሉ ከሹክሹክታ በላይ ያልወጣ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተጣራ። "ቁንዶ በርበሬ! አሁን ነው! ቆልተሽ ውቀጪው!"

እትዬ ደንግጣ ዞረች። "ምን አለች?"

"ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ ነው የምትለው።"

"ሸተታት!" አለች እትዬ። በሁለት እጇ ጭኗን መታች። "አንቺ፣ ሸተታት እኮ! አራስ ከሸተታት ትበላለች!" ቁንዶ በርበሬውን የቆላችው፣ የወቀጠችው፣ የነሰነሰችው በአንድ ትንፋሽ ነው።

ሩዙን ሰር ቀቅለው ነበር፤ የሚችሉት እሱን ብቻ ነው። እኔና እትዬ ሳህኑን ይዘን ገባን። ህንዷ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። በጣቶቿ ሩዙን ከወጡ አዋሕዳ ጎረሰች። "ቆንጆ ነው" ትል ይሆን ብዬ ዐይን ዐይኗን አየሁ። አላለችም። ደግማ ጎረሰች። አጥንቱን በእጇ ይዛ ጋጠችው። ላቧ በግንባሯ ላይ ችፍ አለ። አንገቷን ሳታቀና፣ ማንንም ሳታይ፣ ሳታመሰግን፣ ሳህኑን ባዶ አደረገችና ወደ እትዬ ዘረጋችው። "ጨምሪ" አለች። ያንን ቃል ከማን እንደተማረችው አላውቅም። ይሉኝታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የረሳችው ያን ቀን ነው፤ እትዬም በሙያዋ ስትመሰገን በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ደስ ሲላት አላየሁም።

በሁለተኛው ቀን ጡቷ ሞላ። ልጅቷ ጠግባ፣ አፏ ወተት እንደያዘ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ተኛች። እትዬ የልጅቷን ዝም ማለት አላመነችም፤ እየደጋገመች እጇን የሕፃኗ አፍንጫ ላይ ታደርጋለች። እስከ ፋሲካ ድረስ ሰር ሌላ በግ ገዙ፤ የተረፈውን የማይጾሙ ህንድ ጓደኞቻቸው ወሰዱላቸው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ያንን ወጥ ሠራን። በሠራን ቁጥር እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ እኔ እቀምሳለሁ። በሠራን ቁጥርም ክዳኑ ተከድኖ ሦስት ሰዓት እናወራለን። ሁሉን አውርተን አልጨረስንም። በሃይማኖት አንድ ጊዜም አልተስማማንም። ግን የናታችንን ሳቅ ማን እንደወሰደ ተጣልተን፣ እኔ እንደወሰድኩ አምናልኛለች።

ፋሲካ ደረሰ። ህንዷ በእግሯ ቆመች፤ ልጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በገዛ እጇ የሠራችውን ወጥ ይዛ ወደ እትዬ ቤት መጣች። እኔም ተከትያት በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ ስትደክምበት የከረመችውን ነገር ልትቀምስ የመጀመሪያዋ ነው። ጎረሰች። አላመጠች። ቆየች። ህንዷ በጉጉት ታያታለች። እትዬ በፈገግታ "ቆንጆ ነው" አለች፤ ወደኔ ዞራም በአማርኛ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ "ይሄን ነው? ሳሙና ሳሙና ይላል እኮ!" አለችኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። "ደግ ነው ጾም ሆነ" አለች ቀጥላ፣ "ቀምሼው ቢሆን ኖሮ አስተካክለው ነበር፤ ልጅቷም በወተት እጦት ትሞትብን ነበር።" ህንዷ ምን አለች ብላ ስትጠይቀኝ፣ እትዬ ልጅሽን መረቀችልሽ ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲያ የሚቀመስላት ነገር አልነበረም። ጾሙ ተፈቷል፤ ምላሷ የራሷ ነው፤ አራሷም ድናለች። እኔ ወደ ክፍሌ፣ ወደ ላምባ ምድጃዬ ተመለስኩ። ያው እንደ ድሮው መሰለኝ፤ ከፋኝም።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሽሮዬን ልጥድ ስል በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናት። የራሷን የበግ ወጥ በጭልፋ ይዛ፣ እንዳይንጠባጠብ መዳፏን ከሥር አድርጋ ቆማለች።

"ቅመሺልኝ" አለች።

"እትዬ፣ ጾሙ እኮ ተፈቷል።"

"መፈታቱንማ ቄሱ ነግረውኛል። ጨዉን ንገሪኝ።"

ቀመስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሩ ማዶ ያሸተትኩት ወጥ ነው። በልጅነቴ ያሳደገኝ ወጥ ነው። "ልክ ነው" አልኳት።

"ታርቄሽ እንዳይመስልሽ" አለች፤ "አንቺን ማስቀመስ ለምዶብኝ ነው።" ጭልፋውን ይዛ ሄደች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ሳትዞር "እንጀራው ሳይቀዘቅዝ ነይ" አለች።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖረች። እኔ አግብቼ ከቤት ስወጣም በሳህን ከድና፣ ለባለጋሪ ሰጥታ ትልክብኝ ነበር፤ ባለጋሪው ደጄ ላይ ቆሞ መልሱን ይጠብቃል፤ እኔም ቀምሼ "ልክ ነው በላት" እለዋለሁ። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ እኔ ያልቀመስኩት ድስት ከእሳት አላወረደችም። ታርቄሻለሁ ግን አንድም ቀን አላለችኝም።